ሌሊት ታነባለህ?

ባህር ዳር ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር የመጣ ሰው ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፣ የማለፊያ ነጥቡ ይታወቃል፣ የወደቀም በሌላ ጊዜ ደግሞ ይፈተናል። ሁለተኛውን የምትሰጠው አከራይ ናት። ፈተናው በቃል ነው፤ የሚካሄደውም የግቢው በር ገርበብ ብሎ፣ ፈታኟ ነጠላዋን አጣፍታ ግማሽ ፊቷን ብቻ አውጥታ ነው። ውጤቱ በሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ እዚያው ይታወቃል። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የለውም።

ጥያቄዎቹ ከቀበሌ 14 እስከ ዓባይ ማዶ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አከራዮቹ ተሰብስበው ያወጧቸው ይመስላል። «ላጤ ነህ?» ብሎ ይጀምራል። አዎ ያለ ወደቀ፤ ላጤ ሰው ያመጣል። «ባለትዳር ነኝ፣ ባለቤቴ ደብረ ታቦር ናት» ያለም አላለፈም፤ ሚስት ካለች ትመጣለች፣ ከመጣች ልጅ ይዛ ትመጣለች፣ ልጅ ካለ ውሃ ያልቃል። «ታበስላለህ?» ይቀጥላል። አበስላለሁ ያለ መብራት ሊጨርስ ነው። አላበስልም ካለ ደግሞ ታዲያ ማን እየመጣች ልትሠራለት ነው?

እኔን የፈተኑኝ እትዬ ወደ ትምህርቴም ገቡ።

«ምንድን ነው የምትማረው ልጄ?»

«የውሃ ምሕንድስና ነው እትዬ።»

«እሰይ! እንግዲያ ይቺ ቧንቧ ለምን ሌሊት ሌሊት ብቻ እንደምትመጣ ታውቃለህ።»

አላውቅም ነበር። ዛሬም በቅጡ አላውቅም። የጣናን ሐይቅ ገቢና ወጪ ውሃ በሞዴል የሚያሰላ ሰው ከሐይቁ ዳር በተሠራ ግቢ ውስጥ ጀሪካን ደርድሮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቧንቧ ሲጠብቅ ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ከእኔ በላይ ያዘኑት ግን እትዬ ነበሩ። «ለዚህ ነው እንዴ መንግሥት የሚያስተምራችሁ?» አሉኝ።

የፈተናው ቁንጮ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ሌሊት ታነባለህ?» ይሄ ጥያቄ ስንቱን ጎበዝ ጥሎታል። አነባለሁ ያለ አምፖል ሊያበራ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ አንድ ነው። አላነብም ያለ ደግሞ ዱርዬ ነው፤ ካላነበበ ምን ሊሠራ መጣ? ነባር ተማሪዎች ለዚህ የሚሆን መልስ ለአዲስ ገቢ ይመክራሉ፦ «የማነበው እዚያው ላይብረሪ ነው እትዬ፤ እዚህ ለመኝታ ብቻ ነው የምመጣ።» መልሱ ሲሰሙት ያምራል። ችግሩ እትዬ ያን መልስ ከነባሮቹ ቀድመው ማወቃቸው ነው። ፈገግ ብለው «የግቢው በር ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል» ይላሉ።

እዚህ ፈተና ድረስ ለመድረስ በደላላ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ደላላው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ስልክ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የከተማውን ካርታ ከማዘጋጃ ቤት በተሻለ ያውቃል፤ ርቀት ሲናገር ግን የራሱ መለኪያ አለው።

«ለፔዳ ግቢ አምስት ደቂቃ ነው።»

«በእግር?»

«በባጃጅ ነዋ።»

«ባጃጅ ያልሠራ ቀንስ?»

«ባጃጅ ካልሠራማ ማን ትምህርት ይሄዳል ወንድሜ?»

ዓባይ ማዶ ያሉ ቤቶች ሁሉ በደላላ ቋንቋ «ድልድይ ዳር» ናቸው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ ይሄ ቃል ክብሩ ጨምሯል፤ ዘንዘልማ አፋፍ ላይ ያለ ክፍልም ድልድይ ዳር ሆኖ ተነግሮኝ ያውቃል። የግብርናው ተማሪዎች የሚማሩት ዘንዘልማ ስለሆነ ለእነሱ መልካም ነው። ፔዳ ለሚማር ሰው ግን ድልድዩን ለማየት ራሱ ትራንስፖርት ያስፈልገዋል።

ሌላው የደላላ ቃል «ሐይቁ ይታያል» ነው። ይህን የተባልኩበት ቤት ጓሮ ሮቶ የተሰቀለበት የብረት ማማ ነበር። ማማው ላይ የወጣ ሰው፣ የጎረቤት ማንጎ ካልጋረደው፣ ጣናን ማየት ይችላል አሉኝ። ወጣሁ። የታየኝ የጎረቤቷ ልብስ ማጠቢያ ነበር፤ ሴትዮዋም ቀና ብላ አየችኝ። ያንን ቤት ሳልከራየው ቀረሁ፤ ቢሰጡኝም ኖሮ በጎረቤት ዘንድ ስሜ አስቀድሞ ገብቶ ነበር።

የተከራየኋት ክፍል ሰርቪስ ነበረች። ወለሏ ሊሾ ነው፣ ግድግዳዋ እስከ ወገብ አረንጓዴ ቅባት ቀለም የተቀባ፣ ኮርኒሷ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባህር ዳር ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ከከረጢቱ በላይ ያሉት አይጦች ሳይቀሩ ወደ ጥላ ሲሸሹ ይሰማል። ማታ በአጎበር ካልገቡ ቢንቢው አያስተኛም። አልጋው በሚጠጋበት ግድግዳ ላይ፣ ቀለሙ ሳይሸፍነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ በእስክሪብቶ የጻፈው የሥራ ዕቅድ ነበር። «ቻፕተር ሦስት፣ እስከ ጥር 30» ይላል፤ ጥር ተሰርዟል። ከሥሩ የካቲት 30፣ እሱም ተሰርዟል። ቀጥሎ ሰኔ 30። ከዚያ በኋላ ቀን የለም፤ «ጀሪካን ግዛ» ብቻ ይላል። ሰውየውን አይቼው አላውቅም፤ ግን ከአማካሪዬ ይልቅ እሱ ያስፈራራኝ ነበር።

ለምን እዚህ ደረስን ብሎ ለሚጠይቅ ነገሩ ረጅም አይደለም። ባህር ዳር ላይ ከፍተኛ ትምህርት የጀመሩት ሁለት ተቋማት ናቸው፦ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና በ1965 ዓ.ም. የተጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ። ሁለቱ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተመረቁት ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በፖሊና በፔዳ ዘመን ተማሪ ማለት ግቢ ውስጥ የሚበላ፣ ግቢ ውስጥ የሚተኛ ወጣት ነበር። ዛሬ ግን ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማረው ሰው ብዙ ጊዜ የወጣለት መምህር ወይም የወረዳ ባለሙያ ነው፤ ሁለት ልጅ አለው፣ ወገቡን ያመዋል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ውጣ ቢሉት መሰላል ይፈልጋል። ከኪሱ እየከፈለ በማታና በቅዳሜ እሁድ የሚማረው ደግሞ መጀመሪያውኑ ዶርም አይጠብቅም። ስለዚህ ለእሱ ዶርሚተሪ የሆነችለት ከተማዋ ናት። ፕሮክተሮቹ እትዬዎች ናቸው።

ጎጃም ግን ድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የቀጸለ ልጅ ቅኔ ሊቆጥር ዋሸራ ወይም ጎንጅ ሲወርድ፣ የየኔታ ደጅ እንደደረሰ የሚያሳስበው መኝታ አልነበረም። ነባር ተማሪዎች እንጨትና ሣር ቆርጠው ያግዙትና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆውን ይቀልሳል። ንብረቱ ደበሎና አኩፋዳ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የለ፣ ደላላ የለ፣ «ላጤ ነህ?» የሚል የለ፤ ሁሉም ላጤ ነው። ቅኔ ተቀኝቶ፣ አስነግሮ፣ ወደ ሌላ መምህር ሲሻገር ጎጆዋን ለሚመጣው ትቶ ይሄዳል። ያን ዘመን መናፈቄ አይደለም። ጎጆዋ ታፈሳለች፣ ቁንጫዋ ከቅኔው ይልቅ እንቅልፍ ትነሣለች፣ እራት የሚገኘውም ከመንደር ውሻ ጋር ተታግሎ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ታውቆ ነበር፦ ትምህርት ቤት ሲቆም የተማሪው ማደሪያም አብሮ ይታሰባል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን አዲስ የፒኤችዲ ፕሮግራም ሲከፍቱ የሚፈተሸው መምህርና ላቦራቶሪ ነው፤ ተመዝጋቢዎቹ የት እንደሚያድሩ የተጠየቀበትን ጉባኤ አላየሁም።

ወደ እትዬ ግቢ ልመለስ። መጀመሪያ ወር ላይ የተነገረኝ የቤቱ ደንብ አጭር ነው፦ ምጣድ ክልክል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል፣ ካውያ ቅዳሜ ብቻ። አምስት ተከራይ አንድ ቆጣሪ ላይ ነን፤ ሂሳቡ በራስ ይካፈላል፤ የእትዬ ፍሪጅ ግን ራስ ስለሌለው አይቆጠርም። አንድ ቀን ይሄንን ነገር በሙያዬ ላስረዳ ተነሣሁ። ከዚህ ግቢ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ አልኳቸው። እዚያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ይመነጫል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ፤ ፏፏቴውን ያቀጠነውም ወደዚያ የተጠለፈው ውሃ ነው። ከሐይቁ ወዲያ ማዶ፣ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ የሚያመነጨው የ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ነው። እትዬ በጥሞና አዳመጡኝ። የቡናውን ሁለተኛ ቀዱልኝ። ከዚያ «እውነትህን ነው ልጄ» አሉ፤ «ቆጣሪው ግን የማን ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሜጋ ዋት ተነጋግረን አናውቅም።

በቃል የተነገረው ደንብ ግን ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ያልተነገረው ነው። ቡና ሲጠሩ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ኩሩ ነው፤ ሦስተኛውን ሳይጠጣ የተነሣ ደግሞ ይባስ። እትዬ ስልካቸው ሲበላሽ ሠሪው ተከራይ ነው፤ የተማረ ሰው ስልክ መጠገን እንዴት ያቅተዋል? ጥምቀት ሲደርስ ከአዴትና ከመርዓዊ ዘመድ ይገባል፤ «ሁለት ሌሊት ብቻ» ተብለህ ከጓደኛህ ጋር ታድራለህ፣ ስትመለስ አልጋህ ላይ የማታውቀው ጋቢ ታገኛለህ። ለፋሲካ ደግሞ ከቅርጫው አንድ መደብ ላንተ ነው፤ ገንዘቡ ይጠየቃል፣ ሥጋው ግን የሚበላው አንድ ላይ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ፋሲካ ከቤተሰቤ ውጭ በልቼ አላውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ያልተጻፈ አንቀጽ ግን ማስጠናት ነው። ግቢ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ማስተርስ ተማሪው ሳይቀጠር ተቀጥሯል። እኔን አንድ ማታ «ሒሳብ ትንሽ ብታሳያት» አሉኝ፤ ትንሽዋ እስከ ማትሪክ ዘለቀች። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ መጠንቀቁ አይቀርም፤ የዲማው በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር እንደነበረ ማን ይረሳል? እትዬም ልብ ወለዱን በሬዲዮ ሳይሰሙት አልቀሩም፤ ጥናቱ የሚካሄደው ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ እሳቸው ምስር እየለቀሙ ነበር። ልጅቷ አለፈች። እኔም ከዚያ ዓመት ወዲህ ካውያ በማንኛውም ቀን ተፈቀደልኝ።

አሁን ሕግ አለ የሚል አይጠፋም። አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል፤ የክልል ከተሞችን የሚመለከተው ክልሎቹ በሚወስኑት መጠን ነው። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ሁለት ዓመቷን ሳነብ ሳቅሁ። የማስተርስ ትምህርትም በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ነው፤ ሕግ አውጪውና ሴኔቱ የተማከሩ ይመስላል፤ በግድግዳዬ ላይ የተሰረዙትን ቀኖች ግን ሁለቱም አላዩም።

ደግሞም ሕግና ኪራይ በዚህ አገር ሲገናኙ የመጀመሪያቸው አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራይን በመንግሥትና በቀበሌ እጅ አደረገ፤ ግለሰብ ቤቱን እንዳያከራይ ከለከለ። ሰው ግን ማደሪያ መፈለጉን አላቆመም። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የተገኘው ሁሉ ደባል ሆነ፤ ካልሆነም «ከገጠር የመጣ የእህቴ ልጅ» ነው። ያ ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ የእህት ልጅነቱ ግን አልቀረም። የኪራይ ገቢ ግብር የሚያጣሩ ሰዎች የግቢውን በር ሲያንኳኩ ዛሬም አምስታችንም የእህት ልጆች ነን። የትግራይ፣ የወሎ፣ የሲዳማና የከፋ ተወላጆች የሆን አምስት የእህት ልጆች። እትዬ ብዙ እህት አላቸው።

የፈረንጁን ያየ ሰው ብቻችንን አለመሆናችንን ይረዳል። ኦክስፎርድ ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1209 የከተማው ሰዎች ተማሪዎችን በመስቀላቸው መምህርና ተማሪ ከተማዋን ጥለው ተሰደዱ፤ ወደ ካምብሪጅ የሄዱት እዚያ ዩኒቨርሲቲ ተከሉ። በ1214 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንደራሴ ሲያስታርቅ ካወጣው ፍርድ አንዱ፣ ለአሥር ዓመት የተማሪ ኪራይ በግማሽ ይቀነስ የሚል ነበር። ይህን ታሪክ ለእትዬ ነግሬያቸው ነበር። «የሰቀሉትማ ይቀንሱ» አሉ፤ «እኔ ማንን ሰቀልኩ?» መልስ አልነበረኝም። በዚያው ወር ኪራይ ጨመሩ።

ጭማሪው የመጣው ግን እንደ ጠላት አይደለም። በማዳበሪያም፣ በጤፍም፣ በልጆች ዩኒፎርምም አስታከው፣ አዝነው፣ ይቅርታ ጠይቀው ነው የጨመሩብኝ፤ እኔም አዝኜላቸው ከፈልኩ። አከራዮች ጨካኞች ናቸው የሚል ጽሑፍ ብዙ አነባለሁ፤ ጨካኝ የሆኑም አሉ፤ ስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብለው በሦስተኛው ወር «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ልቀቅ» የሚሉም አይጠፉም። የአብዛኛው ግቢ ሒሳብ ግን ቀላል ነው፦ ጡረታዋ የማትበቃ ሴት፣ ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ያለፈ፣ ጓሮዋ ላይ በብሎኬት ሁለት ሦስት ክፍል አቁማ ልጆቿን ታሳድጋለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት መምህር፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት መሐንዲስ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ነው፤ ጀሪካን የምትቆጥረው ግን እሷ ናት።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እያሳሰራችሁ ላላችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ ፈጣሪያችሁን፣ አማካሪያችሁን፣ ባለቤታችሁን፣ ዳታ የሰጣችሁን መሥሪያ ቤት ካመሰገናችሁ በኋላ ለአከራያችሁ አንድ መስመር ተዉላት። ስሟን ባትጽፉትም ይሁን፤ ግብር አጣሪ ሊያነበው ይችላል። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻውን ወር የመብራት ሂሳብ ሳትከፍሉ እንዳትወጡ። ከኋላችሁ የሚመጣው ተማሪ የእናንተን እንዳይከፍል።